ሽማግሌው ይቅርታ የጠየቀ ዕለት

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን አንድ ወጣት በውስጥ መስመር «ድርጅት ከፍተህ 12 ዓመት እንዴት ቆየህ? ሚስጥሩ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የተለመደውን መልስ ልጽፍለት ጀመርኩና አጠፋሁት። «ተስፋ አለመቁረጥ ነው» ምናምን ማለት ቀላል ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ ጽናት ምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ያስተማረኝም በአካል አይቼው የማላውቅ የታይዋን ሽማግሌ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሱን ታሪክ ልንገራችሁ፣ መጨረሻ ላይ የራሴን እጨምራለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ሰውዬው ሞሪስ ቻንግ ይባላል። ቲኤስኤምሲ የተባለውን የቺፕ አምራች የመሠረተ ሰው ነው። የአይፎን ዋና ቺፕ የሚመረተው እዚያ ነው። ዓለም ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሲያወራ ስሙን የሚጠራው የኤንቪዲያ ቺፕም ከዚያው ነው የሚወጣው።

ቻንግ በ1931 ቻይና ውስጥ ኒንግቦ በምትባል ከተማ ተወለደ። ልጅነቱ የስደት ልጅነት ነው። መጀመሪያ ከጃፓን ጋር የተደረገው ጦርነት፣ ቀጥሎ የቻይና የእርስ በርስ ጦርነት ቤተሰቡን ከከተማ ከተማ አንከራተተው። ሆንግ ኮንግ፣ ቾንግቺንግ፣ ሻንግሃይ፣ እንደገና ሆንግ ኮንግ። ልጁ ደራሲ መሆን ነበር የሚፈልገው። አባቱ ግን በድርሰት ቤት እንደማይተዳደር ነግሮ ሐሳቡን አስለወጠው። በ1949 አሜሪካ ሄዶ ሃርቫርድ ገባ፣ በዓመቱ ወደ ኤምአይቲ ተዛወረና ሜካኒካል ምህንድስና ተማረ።

የመጀመሪያው ትልቅ ውድቀት የመጣው እዚህ ነው። ማስተርሱን ከያዘ በኋላ ለዶክትሬት የሚያሳልፈውን ፈተና ተፈተነ፣ ወደቀ። ደግሞ ተፈተነ፣ ደግሞ ወደቀ። በቃ፣ ኤምአይቲ በሩን ዘጋበት።

በ1955 ሥራ ሲፈልግ ሁለት ቦታ ተቀበሉት። ፎርድ በወር 479 ዶላር፣ ሲልቫኒያ የሚባል ድርጅት ደግሞ 480 ዶላር አቀረቡለት። ልቡ ፎርድ ጋ ነበርና ትንሽ እንዲጨምሩለት ጠየቃቸው። እምቢ አሉት። እሱም በእልህ ሲልቫኒያ ገባ። አያችሁ፣ መኪና ፋብሪካ ሊገባ የነበረ ሰው በእልህና በ1 ዶላር ልዩነት ሴሚኮንዳክተር ሠሪ ሆነ። ስለ ሙያው ያወቀው ነገር አልነበረም። ቀን ሥራ ውሎ ማታ ማታ የሾክሌይን ከባድ መጽሐፍ ይዞ ብቻውን እያነበበ ነው የተማረው።

በ1958 ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቀጠረው። የተሰጠው ለአይቢኤም ትራንዚስተር የሚያመርት መስመር ነበር። ከመስመሩ ከሚወጣው ዕቃ ደህና ሆኖ የሚገኘው ከምንም አይቆጠርም፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ይጣላል። ቻንግ ሙቀቱን፣ ግፊቱን፣ አሠራሩን አንድ በአንድ እየለወጠ፣ ውጤቱን እየመዘገበ፣ በወራት ውስጥ ደህናውን ወደ 25 በመቶ አደረሰው። ዛሬ 25 በመቶ ስንሰማ ትንሽ ሊመስለን ይችላል። ያኔ ግን የድርጅቱ አለቆች ስሙን ማወቅ የጀመሩት በዚህ ነው። ድርጅቱ ደመወዙን እየከፈለ ስታንፎርድ ላከው። በ1964 ዶክትሬቱን ይዞ ተመለሰ። ያው ሁለት ጊዜ የወደቀው ልጅ።

ከዚያ ወደ ላይ ወጣ። የድርጅቱን የሴሚኮንዳክተር ሥራ በሙሉ እስከመምራት ደረሰ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን ካልኩሌተርና የቤት ኮምፒውተር ወደሚሸጠው ክፍል አዛወሩት። እዚያ አልሆነለትም። ቀስ በቀስ ወደ ጎን ተገፋ፣ በ1983 ደግሞ 25 ዓመት ያገለገለበትን ቤት ትቶ ወጣ። ሌላ ድርጅት በፕሬዚዳንትነት ገባ፣ እዚያም ብዙ አልቆየም።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ዕድሜው 54 ነው። ብዙዎቻችን በዚህ ዕድሜ ጡረታ መቁጠር እንጀምራለን።

በ1985 የታይዋን መንግሥት የምርምር ተቋም እንዲመራለት ጠራው። ኬ.ቲ. ሊ የተባሉ ሚኒስትር ደግሞ የቺፕ ድርጅት እንዲያቋቁም ጠየቁት። ታይዋን ያኔ ቺፕ ነድፎ ከአሜሪካና ከጃፓን ጋር የሚፎካከር ጉልበት አልነበራትም። ቻንግ ያመጣው ሐሳብ በኛ አገር ቋንቋ ቢነገር «ወፍጮ ቤት» ነው። እህሉን ይዘህ ትመጣለህ፣ እሱ ይፈጭልሃል። እህሉ ያንተ ነው፣ ዱቄቱም ያንተ ነው። ባለወፍጮው ደግሞ አጠገብህ እንጀራ ቤት ከፍቶ አይወዳደርህም። በዚያ ዘመን ትልልቆቹ ድርጅቶች የራሳቸውን ቺፕ ራሳቸው ነድፈው በራሳቸው ፋብሪካ ነበር የሚያመርቱት። የራሱ ምርት የሌለው፣ የሰው ብቻ የሚሠራ ፋብሪካ ለሰሚው ግራ ነበር።

ገንዘብ ፍለጋ ወጣ። ኢንቴል እምቢ አለ። ለ25 ዓመት ያገለገለው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስም እምቢ አለ። በመጨረሻ የሆላንዱ ፊሊፕስ 27.5 በመቶ ገዛ፣ መንግሥት ግማሽ ሊሆን ትንሽ የቀረውን ያዘ፣ ቀሪውን የታይዋን ባለሀብቶች በግድ በውድ አዋጡ። በየካቲት 1987 ቲኤስኤምሲ ተመሠረተ። መሥራቹ 55 ዓመቱ ነበር።

ፋብሪካው ከምርምር ተቋሙ የተወረሰ፣ ቴክኖሎጂውም ከዘመኑ ወደኋላ የቀረ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ኢንቴል ሥራ ሊሰጥ አስቦ ባለሙያዎቹን ለፍተሻ ላከ። ረጅም የጉድለት ዝርዝር ሰጧቸው። አንድ በአንድ እያስተካከሉ ፍተሻውን አለፉ። ይህ ማረጋገጫ ለሌሎች ደንበኞች በር ከፈተ። በሚቀጥሉት ዓመታት ፋብሪካ የሌላቸው፣ ንድፍ ብቻ የያዙ ትናንሽ ድርጅቶች እየበዙ ሲመጡ ወፍጮው እህል አገኘ።

እስከዚህ ያለውን ታሪክ ብዙ ቦታ ታገኙታላችሁ። እኔን የነካኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

በ2005 ቻንግ የዋና ሥራ አስፈጻሚነቱን አስረክቦ የቦርድ ሰብሳቢ ብቻ ሆነ። በ2008 የዓለም የገንዘብ ቀውስ መጣ። ትዕዛዝ ቆመ፣ የድርጅቱ ገቢ አሽቆለቆለ። በ2009 መጀመሪያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ተሰናበቱ። የተሰጠው ምክንያት ገንዘብ አይደለም። «የሥራ አፈጻጸማችሁ አነስተኛ ነው» ነበር የተባሉት።

ሠራተኞቹ አልተቀበሉትም። ለተቃውሞ ወጡ። ቻንግ በግንቦት ወር ይቅርታ ጠየቀ፣ የተሰናበቱትንም ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ጋበዘ። በሰኔ ደግሞ ራሱ ወደ ዋና ሥራ አስፈጻሚነት ወንበር ተመለሰ። 77 ዓመቱ ነበር።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ደግሞ የሚገርም ነው። ሌላው ሁሉ ወጪ ሲቀንስ እሱ ጨመረ። በ2009 ለፋብሪካና ለመሣሪያ የወጣው 2.7 ቢሊዮን ዶላር በ2010 ወደ 5.9 ቢሊዮን ደረሰ። የስማርትፎን ዘመን ሲመጣ ፋብሪካውም ሰዉም ዝግጁ ነበር። በ2014 የአይፎን ቺፕ ማምረት ጀመሩ። ቻንግ ጡረታ የወጣው በ2018፣ በ86 ዓመቱ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከገቢያችን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚከፍለን አንድ ትልቅ ደንበኛ መክፈል አቆመ። እኛ ለፋርማሲዎችና ለጅምላ ነጋዴዎች የሽያጭና የስቶክ ሶፍትዌር የምንሠራ ትንሽ ድርጅት ነን። 11 ነበርን። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አራት ልጆች ጠርቼ ደብዳቤ ሰጠኋቸው። ደብዳቤው ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ታውቃላችሁ? «በሥራ አፈጻጸም ማነስ»።

ውሸት ነበር። ገንዘብ አልቋል ብሎ መጻፍ አሳፈረኝ። ሌሎች ደንበኞች ቢሰሙ ይሸሹናል ብዬም ፈራሁ። ስለዚህ የኔን ክስረት በልጆቹ ስም ጻፍኩት።

የሚያሳፍረው ደግሞ ከወራት በኋላ እዚሁ ገጼ ላይ «ፈተናውን በጽናት ተሻገርነው» ብዬ ለጥፌአለሁ። ብዙ ሰው አጨበጨበልኝ። ከአራቱ አንዷም ላይክ አድርጋ ነበር። ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም። የቻንግን ታሪክ ሳነብ ነው ተመልሼ ሄጄ ስሟን ያየሁት። በቢሊዮን የሚያንቀሳቅስ የ77 ዓመት ሽማግሌ የወረደበትን ወንበር እንደገና ወጥቶ «አጥፍተናል» ካለ፣ እኔ 11 ሰው ይዤ ምን ያስፈራኛል?

ደወልኩ። አንዱ ስልኩን አላነሳም፣ እስካሁንም አያነሳም። ሁለተኛው የተሻለ ሥራ አግኝቷል፣ በጨዋነት አመስግኖኝ ዘጋ። ላይክ ያደረገችው ልጅ ተመለሰች፣ ዛሬ የደንበኛ አገልግሎቱን የምትመራው እሷ ናት። አራተኛው ግን እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ መመለስ አልፈልግም። ያንን ደብዳቤ ግን ቀይርልኝ። ሥራ ባመለከትኩ ቁጥር እርስዎ ጋ የሠራሁትን ሦስት ዓመት እደብቀዋለሁ።»

አንዴ አንተ፣ አንዴ እርስዎ እያለ ነበር የሚያወራኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሦስት ዓመት ሌሊት ጭምር የሠራ ልጅ፣ በኔ አንድ መስመር ውሸት ዕድሜውን ከማመልከቻው ላይ እየቆረጠ ይጥል ነበር።

በማግስቱ አዲስ ደብዳቤ ጻፍኩ። ምክንያቱን በትክክል፦ «ድርጅቱ በገጠመው የገንዘብ እጥረት ምክንያት»። ማኅተም መትቼ እራሴ ወሰድኩለት። ለአራቱም ነው የጻፍኩት። ስልክ የማያነሳው ልጅ ደብዳቤ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ለጥያቄህ መልሴ ይኼ ነው። 12 ዓመት መቆየቱ ብዙም አያኮራኝም፣ ግማሹ ዕድል ነው። ሰው ሲወድቅ መነሳቱን ሁሉም ያደንቅለታል። ሲወድቅ ማን ላይ እንደወደቀ ግን የሚጠይቅ የለም። ቻንግ በፈተና ወድቋል፣ ከሥልጣን ተገፍቷል፣ በየበሩ «አይሆንም» ተብሏል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ እኔን የለወጠኝ በ77 ዓመቱ ዞር ብሎ የተጎዱትን ማየቱ ነው።

እናንተም መሳቢያችሁ ውስጥ ያልተላከ ደብዳቤ ካለ፣ ነገ ሳትሉ ላኩት።

መልካም ሰንበት።