ባዘቶውን ማን ነደፈው?

የማኅበራችንን የጨርቅ ድብ የሚያዩ እንግዶች ብዙውን ጊዜ «ጋሞ ውስጥ ድብ አለ እንዴ?» ይሉናል። የለም። በነጭ ሳር ሜዳ የሚግጠው የሜዳ አህያ ነው፤ በጫሞ ሐይቅ ያለው አዞና ጉማሬ ነው። ድብን እኛ የምናውቀው ዳዊት በጎቹን ሲጠብቅ ገደለው ከሚለው ታሪክ ነው። ታዲያ የልጆች መጫወቻ የሆነው እንዴት ነው?

ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት ልብስ ሰፊ ነው። ማርጋሬት ሽታይፍ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1847 ጊንገን በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደች። ሁለት ዓመት ሳይሞላት በፖሊዮ እግሮቿ ሽባ ሆኑ፤ ቀኝ እጇም ደከመ። ቢሆንም ስፌት ተማረች፤ የልብስ ሱቅም ከፈተች። በ1880 መርፌ መሰኪያ የሚሆኑ ትናንሽ ዝሆኖች ሰፋች። ልጆች ግን መርፌውን ትተው ዝሆኑን ይዘው ሄዱ።

በ1902 የወንድሟ ልጅ ሪቻርድ እጅና እግሩ የሚንቀሳቀስ ድብ ሠራ። በዓመቱ በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት አንድ አሜሪካዊ ነጋዴ 3,000 ድብ አዘዘ። በዚያው በ1902፣ ከዓድዋ ድል ስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፣ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሚሲሲፒ ውስጥ ለአደን ወጥተው ታስሮ የቀረበላቸውን ድብ አልተኩስም አሉ። ወሬው በጋዜጣ በሥዕል ወጣ። በብሩክሊን ከረሜላ ይሸጡ የነበሩት ሞሪስ ሚችተምና ባለቤቱ ሮዝ የጨርቅ ድብ ሠርተው «ቴዲ» አሉት። ቴዲ የፕሬዚዳንቱ የቁልምጫ ስም ነው። ሮዝን ስንቶቻችን ሰምተናል?

በእኛም አገር ያው ነው። ዶርዜ ሲባል ሰው ሁሉ ሸማኔውን ያስታውሳል፤ የሽሮ ሜዳን ገበያ፣ ቀይ ቢጫና ጥቁር የሆነውን ዱንጉዛ ያስታውሳል። በጋሞ ሽመና የወንድ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ሸማኔው መወርወሪያውን ከማንሳቱ በፊት ግን አንዲት ሴት ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ በእንዝርት ፈትላለች። ልቃቂቱ ስም አይጻፍበትም።

እኛም አልጻፍንም። የድቡን ዋጋ መጀመሪያ ስናሰላ ጨርቅ፣ ክር፣ ለዓይኑ ቁልፍ ብለን መዘገብን። ሆዱን የሚሞላው ባዘቶ ፊት ለፊት «ከቤት የመጣ» ብለን ዜሮ ጻፍን። ሂሳብ ተምረን እንዲህ መጻፋችን ዛሬም ያሳፍረናል። ዝርዝሩ ሲነበብ ከእናቶቻችን አንዷ፣ «ልጆቼ፣ ጥጡ ራሱን ነው እንዴ የነደፈው?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ ከዚያ ዝም አልን።

በመዝገቡ ላይ አዲስ መስመር ገባ፦ የመዳመጫና የመንደፊያ ሰዓት። የድቡ ዋጋ ጨመረ፤ አንዳንድ ገዢዎችም ሸሹ። ይህን ከደጋፊዎቻችን አንደብቅም። ርካሽ ነውና በስፖንጅ እንሙላው የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። አልተቀበልነውም፤ ያን ብናደርግ ያቺ መስመር ትሰረዛለች፣ ከመስመሯ ጋር የእናቶቹ ሥራም ይቀራል።

እኚያ እናት ድሮ ባዘቶውን አስረክበው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። አሁን ቁጭ ብለው ይሰፋሉ። ድቡን ትተው ከተረፈን ጥቁርና ነጭ ቁራጭ የሜዳ አህያ ጀምረዋል። «እማማ፣ ጆሮው አልረዘመም?» ብንላቸው ቀና ሳይሉ፣ «አህያ አይደለም እንዴ?» አሉን።