ጎመናችን በናይሮቢ ገበያ

የአንድ ማኅበረሰብ ታሪክ ሲጻፍ በአብዛኛው የሚወሱት ስብሰባዎች፣ ምርጫዎችና በዓላት ናቸው። ይሁን እንጂ በኬንያ ምድር የኖርንበት ዘመን የጓዳም ታሪክ አለው። በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔታችን እናቶቻችን ከናይሮቢ ገበያ የተማሩትን ለልጆቻችን ጽፈን ለማቆየት ወድደናል።

ወገኖቻችን በብዛት ወደ ኬንያ ከተሰደዱባቸው ዘመናት አንዱ የፋሺስት ወረራ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ድንበር የተሻገሩት ስደተኞች በኢሲዮሎ ካምፕ፣ ኋላም በታቬታ ቆይተዋል። ከ1974ቱ አብዮት በኋላም ሌላ ትውልድ መጣ። ሽሮና በርበሬ ደርቆ መንገድ ይችላል፤ ጎመን ግን አይችልም። ስለዚህ ትኩሱን ከሚኖሩበት ምድር መፈለግ ግድ ነበር።

ናይሮቢ ውስጥ ይህ ፍለጋ ብዙውን ጊዜ የሚያደርሰው ሕዝቡ «ማሪኪቲ» ወደሚለው ወደ ዋኩሊማ ገበያ ነው። ዋኩሊማ በስዋሂሊ «ገበሬዎች» ማለት ነው። በየመደቡ የሚገኘው ሱኩማ ዊኪ ስሙ «ሳምንቱን ግፋ» እንደ ማለት ሲሆን፣ ለጎመን ወጣችን ዓመቱን ሙሉ አገልግሎናል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደስተው ግን «ካንዚራ» የሚባለው ቅጠል ነው። ይህ ራሱ የሐበሻ ጎመን ነው። በአሩሻ በኩል ደግሞ «ሎሹ» ይሉታል። እንዲሁም «ቴሬሬ» የሚሉት የእኛ አሉማ ዘመድ ነው፤ «ዊምቢ» ዳጉሳ፣ «ምታማ» ማሽላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጤፍ ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ እንዳይላክ በተከለከለ ጊዜ፣ የዳጉሳ እንጀራ የሚያውቅ የጎጃም ሰው ከዊምቢ ጋር ለመተዋወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

ስሙን ከማወቅ ቀጥሎ ወራቱን ማወቅ ይመጣል። የኬንያ ዝናብ ከእኛ ክረምት የተለየ ነው፤ ረጅሙ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይዘንባል። ዓቢይ ጾም በሚገባበት በየካቲት ምድሩ ደረቅ ስለሆነ ቅጠል ይወደዳል። ዝናቡ ገብቶ ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ግን ኩንዴ፣ ቴሬሬና ማናጉ ይረክሳሉ። ማናጉ ትንሽ ይመራል፤ የአገሩ ሰው ወተት ጨምሮ ያበስለዋል፣ በጾም ግን በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ይጣፍጣል። የማቻኮስና የማኩዌኒ ማንጎ ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ የሙራንጋ አቮካዶ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ነሐሴ ገደማ ይገኛል። በሐምሌና በነሐሴ በየመንገዱ ዳር በሎሚና በተፈጨ ሚጥሚጣ ታሽቶ የሚሸጠው የተጠበሰ በቆሎ ደግሞ የአዲስ አበባን ክረምት ያስታውሳል።

እነዚህ የአገር ቅጠሎች ራሳቸው ሊረሱ ተቃርበው ነበር። ለረጅም ዘመን እንደ አረምና እንደ ድሃ ምግብ ተቆጥረው፣ ከውጭ የገቡት አትክልቶች ቦታቸውን ወስደዋል። ከጥፋት ያወጧቸው ዘሩን ያላጣሉ ገበሬዎችና እንደ ፕሮፌሰር ሜሪ አቡኩትሳ-ኦንያንጎ ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው። እኚህ የጆሞ ኬንያታ የእርሻና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ስለ አገር በቀል ቅጠሎች ባደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 የአፍሪካ ኅብረት ሽልማት ተቀብለዋል።

በእኛም ቤት የሚያሰጋው ይኸው መርሳት ነው። ካንዚራ ከሱኩማ በምን እንደሚለይ፣ ማናጉ መቼ እንደሚለመልም የሚያውቁት እናቶቻችን ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ እውቀታቸውም በመጽሐፍ አልሰፈረም። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ደግሞ ስዋሂሊውን ከእኛ አሳምረው ይናገራሉ፤ ቅጠሉን ግን ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ በቀር አያውቁትም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ገበያ ስንወጣ አንድ ልጅ ከአንዲት እናት ጋር እናስከትል። እርሷ ቅጠሉን ትምረጥ፣ እርሱ ዋጋውን ይከራከር፤ ሁለቱም ተማምረው ይመለሳሉ።