ባለቤት ያጣ ውሻ ቤት ያገኘበት ዘመን

ቡችላ ከእናቱና ከወንድሞቹ ተለይቶ ወደ አዲስ ቤት በገባበት በመጀመሪያው ሌሊት፣ ጨለማው ሲበረታና የቤቱ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ በደጅ ጥግ በተጎዘጎዘለት ጭድ ላይ ሆኖ የሚያሰማውን ቀጭን ልቅሶ ያልሰማ ሰው በአገራችን የሚገኝ አይመስለኝም፤ ሕፃናቱ ከመኝታቸው ተነሥተው «ወደ ቤት እናስገባው» እያሉ ሲለምኑ፣ አባት ወይም አያት ከአልጋው ሳይወርድ «ተዉት፣ ይለምዳል» ብሎ የሚመልሰውም ቃል ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ኖሯል። እኔም በልጅነቴ ይህን ቃል ሰምቼ ተመልሼ ተኝቻለሁ፤ የቡችላው ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ከሰው ጋር የሚኖሩትን እንስሳት ለማዳ፣ ከሰው ርቀው የሚኖሩትን ደግሞ አራዊት ብለን ስንለይ፣ ለማዳ የሚለው ቃል «ለመደ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ጋር አንድ ዘር መሆኑን እምብዛም አናስተውልም፤ ቃሉም የመልመዱን ሸክም ሁሉ በእንስሳው ላይ ጥሎ ሰውየውን ከሥራ ነጻ ያወጣው ይመስላል። ነገር ግን ከዚያው ሥር «አስለመደ» እና «አላመደ» የሚሉ ቃላት ይወጣሉ፤ በእነዚህ ውስጥ ሠራተኛው ሰው ነው። የሰው ልጅ ውሻን በተመለከተ ከፊተኛው ቃል ወደ ኋለኛው እስኪሻገር ድረስ ምን ያህል ዘመን እንደ ፈጀ ለማሳየት ይህን ጽሑፍ ጀመርሁ፤ በውስጡ የሚገኙትም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፍቅሩ ግን ጥንታዊ ነው። በሰሜን እስራኤል ዓይን ማላሓ በተባለው ስፍራ፣ 12,000 ዓመት ያህል ባስቈጠረ መቃብር ውስጥ፣ የአንድ አዛውንት አፅም እጁን በአንድ ግልገል ላይ እንዳሳረፈ ተገኝቷል፤ ግልገሉ የውሻ ይሁን የተኵላ ሊቃውንቱ ቢከራከሩበትም፣ እጁ በዚያ ላይ በአጋጣሚ እንዳላረፈ ለሚመለከተው ሁሉ ግልጽ ነው። በግብፅም አሜሪካዊው የጥንተ ታሪክ ሊቅ ጆርጅ ራይስነር በ1935 በጊዛ ያገኘው ድንጋይ፣ አቡውቲዩ የተባለ የንጉሥ ጠባቂ ውሻ እንደ ክቡር ሰው የሬሳ ሣጥን፣ በፍታና ዕጣን ተሰጥቶት በንጉሡ ትእዛዝ እንደ ተቀበረ ይናገራል። በእኛም ዘንድ በሚነበበው በመጽሐፈ ጦቢት፣ የጦቢት ልጅ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው ተከትሎት እንደ ሄደና አብሮት እንደ ተመለሰ ተጽፎ ይገኛል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን በኅዳር 25 ቀን ስንክሳር የሚነበበው የሰማዕቱ የቅዱስ መርቆሬዎስ ዜና ነው። ገጻቸው እንደ ውሻ የሆነ ሁለት ፍጥረታት አያቱን እንደ በሉ፣ አባቱንም ሊበሉ ሲሉ መልአከ እግዚአብሔር በእሳት ከቦ እንደ ከለከላቸው፣ ከዚያም በኋላ ጠባያቸው ተለውጦ እንደ በግ የዋሃን ሆነው ከአባቱ ጋር ወደ ከተማ እንደ ገቡ መጽሐፉ ይተርካል፤ ሠዓሊዎቻችንም እነዚህን ገጸ ከልባት በሰማዕቱ ፈረስ አጠገብ ሥለዋቸዋል። ነፍሰ ገዳይ የነበረው ሳይባረር ከቤተ ሰብ ጋር ወደ ቤት መግባቱ፣ ያለፈውም እንዳይቈጠርበት መደረጉ፣ ምሥጢሩ ለሌላ ነገር ቢሆንም፣ ስለ ውሻ ለሚያስብ ሰው ታላቅ ትምህርት ይዟል።

ዳሩ ግን በኑሮአችን ውሻ ከደጅ አላለፈም። ባላገሩ የሚይዘው ለጅብና ለሌባ ነው፤ ርኩስ ስለሚባል ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይከለከላል፣ በእልፍኝም አይታይም፤ ቀን ታስሮ ሌሊት ይፈታል፣ ምግቡም የገበታ ትራፊ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት የውሻን ታማኝነት ከምግቡ ጋር ማያያዙ ትክክል ነው፤ አባቶቻችን የነገሩን እኩሌታ በሚገባ ዐውቀውታል። የእብድ ውሻ በሽታም ፍርሃቱን አባብሶታል፤ የኢትዮጵያን የሕክምና ታሪክ የጻፉት ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1903 በአዲስ አበባ ስለ ተነሣው የዚህ በሽታ ወረርሽኝ መዝግበዋል፤ እንደዚህ ያለ ሞት ያየ ከተማ ባለቤት የሌለውን ውሻ በርኅራኄ ዐይን ባይመለከት የሚያስደንቅ አይደለም።

ይኸው ፍርሃትና ንቀት በሀገረ እንግሊዝም ነበረ። በ1822 በሪቻርድ ማርቲን ጥረት የወጣው እንስሳትን ከጭካኔ የሚጠብቀው ሕግ ለከብትና ለፈረስ እንጂ ለውሻ አልደረሰም፤ ውሻ በሕጉ ጥላ ሥር የገባው በ1835 ነው። በ1824 በለንደን በአንድ የቡና ቤት የተመሠረተው እንስሳትን ከጭካኔ የሚጠብቀው ማኅበርም የሚደክመው ባለቤቱ ስለሚገርፈው እንስሳ ነበር፤ ባለቤት ስለሌለው፣ የሚገርፈውም የሚያበላውም ስለሌለው ውሻ ግን የሚናገር አልተገኘም። ባለቤት የሌለው ፍጥረት ከሕግ ውጭ የሆነ ያህል ነበር።

በ1860 ግን በሰሜን ለንደን አንድ ነገር ሆነ። ወይዘሮ ሜጀር የተባለች ሴት በመንገድ ላይ በረኃብ ሊሞት የተቃረበ ውሻ አግኝታ ወደ ማድ ቤቷ አስገባችው፤ ሜሪ ቲልቢ የምትባለው ወዳጅዋም ልትጠይቃት መጥታ ውሻውን ባየች ጊዜ አብራት ልታስታምመው ተቀመጠች። ውሻው አልዳነም፤ ሞተ። ቲልቢ በዚያን ጊዜ ስድሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበ፣ ከባሏ ተለይታ ካህን ከሆነው ወንድሟ ጋር የምትኖር፣ ባለጸጋ ያልሆነች ሴት ነበረች፤ ነገር ግን ከዚያ ውሻ ሞት በኋላ ዕረፍት አጥታ፣ ሆሎዌይ በሚባለው ሰፈር አንድ የፈረስ ጋጣ ተከራይታ፣ ለጠፉና ለተራቡ ውሾች ጊዜያዊ ማረፊያ የሚል ስም ሰጥታ ከፈተችው።

የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ የዚህን ቤት ዜና በሰማ ጊዜ መሥራቾቹ አእምሮአቸውን የሳቱ እንደሆነ እስከ መጠየቅ ደረሰ፤ ሰው በየመንገዱ ተርቦ እያለ ለውሻ ቤት መሥራት ምን ይባላል የሚለው ነቀፋም ከብዙዎች አፍ ወጣ። ይህን ነቀፋ ዛሬም በአገራችን እንሰማዋለን፣ የሚያቀርቡትም ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ነገር ግን ሜሪ ቲልቢ ለውሻው የሰጠችውን ጉርሻ ከድኃ አፍ ነጥቃ እንዳልሰጠች መታወቅ አለበት፤ ልቡ ለአንዱ ፍጥረት የተከፈተ ሰው ለሌላው ይዘጋዋል ማለትንም እኔ ከቶ አላምንም። በ1862 ቻርልስ ዲከንስ በሚያዘጋጀው መጽሔት የወጣ አንድ ጽሑፍ፣ በዚያው ሰፈር አቅራቢያ የተካሄደውን የተሞሸሩ ውሾች ትርኢትና የሆሎዌይን ጋጣ ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሕዝብ ካሳየ በኋላ ግን ፌዙ እየቀነሰ ሄደ።

ቲልቢ በ1865 ዐረፈች፤ የሥራዋን ፍሬ ያየችው አምስት ዓመት ብቻ ነው። ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው የለንደን የመንገድ ደንብ ፖሊስ ባለቤት የሌለውን ውሻ እንዲይዝ፣ ሦስት ቀን ጠብቆም ፈላጊ ካላገኘ እንዲሸጠው ወይም እንዲገድለው ሥልጣን ስለ ሰጠው፣ የተያዙት ውሾች እየበዙ ወደ ማረፊያው ይመጡ ጀመር። የሆሎዌይ ጎረቤቶች በጩኸቱ ስለ ተማረሩም ቤቱ በ1871 የባቡር ሐዲድ ወደ ከበበው ወደ ባተርሲ ተዛወረ፤ እስከ ዛሬም በዚያው ይገኛል። በ1885 ንግሥት ቪክቶሪያ የበላይ ጠባቂው ሆነች፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰውን ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን በክትባት አዳነ። ከዚህም በኋላ እንግሊዞች ውሻን በመንገድ በአፈ ማሠሪያ እየለጐሙ፣ ባለቤት የሌለውንም እየሰበሰቡ በሽታውን በ1902 ከአገራቸው አጠፉት። ከባሕር ማዶም በአሜሪካ፣ በ1869 በፊላደልፊያ የተሰበሰቡ ሴቶች ይህንኑ ሥራ ጀመሩ፤ ወንዶቹ ሸንጎውን ይዘው ሳለ ጋጣውን ያጸዱ፣ ቍስሉንም ያጠቡ በሁለቱም አገር ሴቶች መሆናቸውን ሳልጠቅስ ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል።

እንዲህ ሆኖ ውሻው ማረፊያ አገኘ፣ ከማረፊያውም አዲስ ጌታ አገኘ። ሆኖም አዲሱ ጌታ ገመዱን ይዞ ወደ ቤቱ ከመራው በኋላ፣ ውሻው ከጠረጴዛ ሥር ተሸሽጎ አልወጣም ሲል፣ የቀረበለትን ሳይቀምስ ሲያድር፣ መጥረጊያ ያነሣ ሰው ባየ ቍጥር ሲንቀጠቀጥ፣ ይህ ከምን እንደሚመጣ የሚያስረዳው ሊቅ ገና አልተነሣም ነበር። ብዙዎች ዐመለኛ ነው ብለው ይመቱታል፤ ሌሎችም ይመልሱታል።

ለዚህ ጥያቄ ትልቁ ብርሃን የፈነጠቀው ማንም ባላሰበው ስፍራ ነው። በመስከረም ወር 1924 የኔቫ ወንዝ ሞልቶ የሌኒንግራድን ከተማ ባጥለቀለቀ ጊዜ፣ ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር በ1904 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ኢቫን ፓቭሎቭ የሚያጠናቸው ውሾች በየጎጆአቸው ውስጥ ነበሩ፤ ውኃው እየጨመረ ወደ ጣሪያው ሲደርስ ውሾቹ አፍንጫቸውን ብቻ ከውኃው በላይ አድርገው ሲዋኙ፣ ጠባቂዎቹ ደርሰው አወጧቸው። ሥጋቸው ዳነ፤ ዳሩ ግን ፓቭሎቭና ረዳቶቹ ወደ ሥራቸው በተመለሱ ጊዜ ከውሾቹ አንዳንዶቹ ለብዙ ጊዜ የተማሩትን ሁሉ እንደ ረሱ፣ ጠባያቸውም እንደ ተለወጠ አዩ። ከእነርሱ አንዱ በረጅም ትዕግሥት ወደ ቀድሞ ሁኔታው ከተመለሰ በኋላ፣ በምርምር ክፍሉ በር ሥር ጥቂት ውኃ እንዲፈስስ ሲደረግ የዚያ ሌሊት ሽብር እንደ አዲስ ተነሣበት። ደግሞም የሚያውቀው ሰው በክፍሉ ውስጥ አብሮት ሲቀመጥ የጠፋው ትምህርት ይመለስለት፣ ሰውየው ሲወጣ ዳግመኛ ይጠፋው ነበር።

ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው ከመንገድ ያነሣውን ውሻ ዐመለኛ ብሎ ለመምታት እጁ አይታዘዝለትም ብዬ አምናለሁ፤ ከበሩ ሥር የሚፈስሰውን ውኃ እኛ አናየውም፣ እርሱ ግን ያየዋልና። አንዱ በጥም፣ ሌላው በድንጋይ፣ ሌላውም በገዛ ጌታው በትር ያገኘውን መከራ በኅሊናው ይዞ ወደ አዲሱ ቤት ይገባል፤ መድኃኒቱም ከአጠገቡ ዝም ብሎ የሚቀመጥ፣ የሚያምነው አንድ ሰው ነው።

ውሻን ከአንድ ሰው እጅ ወደ ሌላው እጅ በሥርዓት ማስተላለፍን ያስተማሩት ደግሞ ዐይነ ሥውራንን የሚመሩ ውሾች ትምህርት ቤቶች ናቸው። የመጀመሪያው በ1916 በጀርመን አገር በኦልደንቡርግ የተከፈተው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዐይናቸውን ላጡ ወታደሮች ነው፤ በ1928 ሞሪስ ፍራንክ የሚባል ዐይነ ሥውር ወጣት አሜሪካዊ ወደ ስዊዘርላንድ ተሻግሮ ቡዲ ከተባለች ውሻ ጋር ተገናኘ። ያሠለጠናት ሰው ቀስ በቀስ ከእርስዋ እንዲርቅ፣ ምግብዋንም እንክብካቤዋንም ሁሉ ከአዲሱ ጌታዋ እጅ ብቻ እንድታገኝ የተደረገበት ሥርዓት፣ እኛ «በበላበት ይጮኻል» ያልነውን እኩሌታ ወስዶ ሌላውን እኩሌታ፣ ማለት አብሮ መዋልንና አብሮ ማደርን የጨመረበት ነው። በ1961 አሜሪካውያን ሊቃውንት ባወጡት ጥናት ደግሞ፣ ሰው ሳያዩ ያደጉ ቡችሎች ዐሥራ አራት ሳምንት ከሆናቸው በኋላ ሰው ሲቀርባቸው እንደ አውሬ እየሸሹ ማስቸገራቸው ታውቋል። የ«ይለምዳል» ጊዜ ወሰን አለው ማለት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ቡችላም ሆነ ከመንገድ የተነሣ ትልቅ ውሻ ወደ ቤትህ ባስገባህ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ቀን ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተህ አታሳየው፤ ነፋስ የማይመታው አንድ ጥግ ለይተህ፣ ከመጣበት ስፍራ የተገኘ ጨርቅ ወይም ያረጀ የጋቢህን ቅዳጅ አንጥፍለት፤ የሚያበላው ሰው አንድ ይሁን፣ ሰዓቱም አይለዋወጥ፤ ከተሸሸገበት እየጎተትህ አታውጣው፣ በራሱ ጊዜ ይወጣልና። ሦስት ወር ሲሞላውም ወደ እንስሳት ሐኪም ወስደህ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትበው፤ ሕዝባችን ለውሻ ያለው ፍርሃት በከፊል ከዚህ በሽታ የመጣ ነውና። በዚያችም በመጀመሪያዋ ሌሊት፣ ጨለማው በርትቶ ልቅሶውን በሰማህ ጊዜ፣ እባክህ ከአልጋህ ተነሥተህ ጥቂት ከአጠገቡ ተቀመጥ።