ከጀልባ ውኃ ወደ ቧንቧ ውኃ፤ ነዳጅ የለወጣት ኩዌት

ስለ ዐረብ አገሮች የነዳጅ ሀብት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናወራው ስለ ሕንጻውና ስለ መኪናው ነው። እኔ መሐንዲስ ነኝና ውኃውን ላስቀድም። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኩዌት ወንዝ የላትም። የከተማይቱ ጉድጓዶች ስላልበቁ፣ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ የሚጠጣ ውኃ ከሻት አል ዐረብ ወንዝ በሸራ ጀልባ ይመጣ ነበር። ማዕበል ሲነሣ ከተማው ይጠማል። ከወደቡ በኋላ ያለው ሥራ የአህያና የሰው ትከሻ ነበር። ወንዶቹ በሙቀቱ ወራት ዕንቁ ፍለጋ ባሕር ይጠልቃሉ፤ አስቀድመው የተበደሩትም ዕዳ ከዓመት ዓመት ይንከባለላል። በ1930ዎቹ የጃፓን እርባታ ዕንቁ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ያም እንጀራ ተቋረጠ።

ነዳጁ በ1938 ቡርጋን ላይ ተገኘ፤ በጦርነቱ ምክንያት የመጀመሪያው ጭነት የወጣው በ1946 ነው። በ1953 በቀን 1 ሚሊዮን ጋሎን የባሕር ውኃ የሚያጣራ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ውኃውን ማፍላት፣ እንፋሎቱን ማቀዝቀዝ፣ ጨው አልባውን ጠብታ ማጠራቀም። ከባዱ ማገዶው ነው፤ እሱ ደግሞ ከእግራቸው ሥር ተገኘ። እንግዲህ የኩዌት ሰው ቧንቧ በከፈተ ቁጥር ነዳጅ ያቃጥላል ማለት ነው።

የቀረው በጥድፊያ ሆነ። በሼክ አብዱላህ አል ሳሊም ዘመን መንግሥት የአሮጌውን ከተማ ቤቶች ከገበያው በላይ ዋጋ ከፍሎ ገዛ፤ ሕዝቡ ወደ አዳዲስ መንደሮች ወጣ። በ1920 ነዋሪው በገዛ እጁ የገነባው የከተማው ግንብ በ1957 ፈረሰ፤ የቀሩት በሮቹ ናቸው። ያንን ዘመን በናፍቆት የሚያነሡ አሉ። እኔ አልፈርድባቸውም፤ ግን በዕዳ የተያዘውን ጠላቂ ማን ጠየቀው?

ሸክሙ ግን አልጠፋም፤ ተሸካሚው ተለወጠ። በ1965ቱ የሕዝብ ቆጠራ ከነዋሪው ከግማሽ በላይ የሚሆነው የውጭ ዜጋ ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት የእኛም እህቶች ከቤት ሠራተኞቹ መካከል ሆኑ። የ2010ሩ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ አያካትትም ነበር። በ2015 በወጣው ልዩ ሕግ የሳምንት ዕረፍትና በቀን የ12 ሰዓት ጣሪያ ተጻፈላቸው፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ግን ዛሬም ከአሠሪያቸው ጋር እንደታሰረ ነው።