በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር፦ የሥነ ምግባር ጥሰቶች ታሪክና የተሳታፊው የፈቃድ መብት

የሕክምና ምርምር ዛሬ የሚመራባቸው የሥነ ምግባር ደንቦች አብዛኞቹ የወጡት፣ ምን እንደሚደረግባቸው ያልተነገራቸው ሰዎች ከተጎዱ በኋላ ነው። በዚህም ምክንያት፣ በሳዑዲ ዓረቢያ የሚሠራበትን ሕግ ጨምሮ፣ የደንቦቹ መሠረት ተሳታፊው ተረድቶ በነፃነት የሚሰጠው ፈቃድ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሂጅራ ከተባለው በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ደንቦቹ የወጡባቸው ጥፋቶች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የናዚ ጀርመን ሐኪሞች በማጎሪያ ካምፖች በታሰሩ ሰዎች ላይ ለሞት የሚያደርሱ ሙከራዎችን ፈጽመዋል። በኑረምበርግ 23 ተከሳሾች ለፍርድ ቀርበው በ1947 ዓ.ም. 16ቱ ጥፋተኛ ተብለዋል። ከፍርዱ ጋር የወጣው ባለ 10 ነጥብ ደንብ የተሳታፊውን ፈቃደኝነት በመጀመሪያ ደረጃ አስቀምጧል። በ1964 ደግሞ የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የሄልሲንኪን መግለጫ አጽድቋል።

ደንብ መውጣቱ ብቻ ግን ጥፋትን አላስቀረም። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ቱስኪጊ፣ የመንግሥት የጤና አገልግሎት ከ1932 ጀምሮ 600 ጥቁር ወንዶችን ሲያጠና፣ 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። የተነገራቸው ግን «መጥፎ ደም» እንዳለባቸው ብቻ ነበር። ፔኒሲሊን የበሽታው መድኃኒት መሆኑ ከታወቀ በኋላም እንዲታከሙበት አልተደረገም። ጥናቱ የተቋረጠው በ1972 በጋዜጦች ከተጋለጠ በኋላ ነው። ይህም ሰውን ማክበርን፣ በጎ ማድረግንና ፍትሕን መርሕ ላደረገው የ1979 የቤልሞንት ሪፖርት መንገድ ከፍቷል።

በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት

ምሥራቃዊው ግዛት በሕክምና ምርምር የቆየ ታሪክ አለው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አራምኮና የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በአካባቢው የትራኮማን የዓይን በሽታ አጥንተዋል፤ ክትባትም በመንደሮች ተሞክሯል። ሥራው ሲጀመር የሄልሲንኪ መግለጫ ገና አልወጣም ነበር።

ዛሬ በሀገሪቱ የሚሠራበት በሕያዋን ፍጡራን ላይ የሚደረግ ምርምር የሥነ ምግባር ሕግ፣ በንጉሣዊ ድንጋጌ ቁጥር ም/59 ረመዳን 14 ቀን 1431 ሂጅራ (2010) ወጥቷል። አፈጻጸሙን የሚከታተል ብሔራዊ ኮሚቴ ያለ ሲሆን፣ በሰው ላይ የሚካሄድ ምርምር አስቀድሞ በተቋሙ የሥነ ምግባር ኮሚቴ መመርመር አለበት። በዳማም የሚገኙት ኢማም አብዱራህማን ቢን ፈይሰል ዩኒቨርሲቲና የንጉሥ ፋህድ ስፔሻሊስት ሆስፒታል እንዲህ ያሉ ኮሚቴዎች አሏቸው። በኾበር የሚገኘው የንጉሥ ፋህድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የዚሁ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው።

በሕጉ መሠረት ፈቃድ የሚባለው፣ ሰው ያለ ግዴታና ያለ ብዝበዛ፣ የምርምሩን ዓላማና ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት ሙሉ በሙሉ ተረድቶ የሚሰጠው ነው። ስለዚህ ዓረብኛ ወይም እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው ቅጹን አቅርቦ ማስፈረም ብቻውን አይበቃም። በኢትዮጵያ፣ በወላይታ፣ ስለ እግር ዝሆኔ የዘረመል ጥናት ያዘጋጁ ተመራማሪዎች፣ ፈቃድ በምን መንገድ ቢጠየቅ እንደሚሻል አስቀድመው ከነዋሪው መረዳታቸው የዚሁ መርሕ ምሳሌ ነው።

ከመፈረም በፊት

በሕክምና ተቋም ቅጽ የቀረበለት ሰው፣ ወረቀቱ ለሕክምናው ነው ወይስ ለምርምር ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። በዓረብኛ «ባሕስ» ምርምር፣ «ሙዋፈቃ» ደግሞ ስምምነት ማለት ነው። ለምርምር ከሆነ፦

• በሚገባው ቋንቋ እንዲብራራለት፣ አስተርጓሚም እንዲቀርብለት መጠየቅ፤
• የምርምሩን ዓላማ፣ ጊዜውንና ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት ማወቅ፤
• ጥያቄ ወይም ቅሬታ ቢኖረው የሚያነጋግረውን ተመራማሪና ኮሚቴ ማወቅ፤
• የፈረመበትን ቅጽ ቅጂ መያዝ ይጠቅመዋል።

በምርምር ላለመሳተፍ መወሰንም ሆነ ከተጀመረ በኋላ ማቋረጥ የተሳታፊው መብት ነው። በዚህ ምክንያት የሚገባውን ሕክምና ሊከለከል አይገባም።