የአስፈሪ ፊልሞች መመሪያ መጻሕፍት አመጣጥ

ለተመልካች ፊልሞችን በርእስ፣ በዘመንና በዳይሬክተር እየለየ የሚያስተዋውቀው የአስፈሪ ፊልም መመሪያ መጽሐፍ ከፊልሙ እጅግ ዘግይቶ የተወለደ የጽሑፍ ዘርፍ ነው። «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ» የተባለው ድምፅ አልባ የጀርመን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1920 ለሕዝብ ቢቀርብም፣ አስፈሪ ፊልምን የራሱ ታሪክ እንዳለው ጥበብ ቆጥሮ በሥዕል አስደግፎ የተረከው የካርሎስ ክላረንስ መጽሐፍ በአሜሪካ የታተመው በ1967 ነበር። በዚያን ጊዜ የቪዲዮ ካሴት በየቤቱ ስላልነበረ፣ ጸሐፊው አንድን ፊልም ደግሞ ለማየት ሲኒማ ቤት ወይም ቴሌቪዥን እስኪያሳየው መጠበቅ ነበረበት፤ የእነዚያ መጻሕፍት ስሕተትም አብዛኛው ከዚህ የመነጨ በመሆኑ በቸልተኝነት ሊያስወቅሳቸው አይገባም።

ከሁሉ የከበደው ችግር የርእስ መለዋወጥ ነው። የጣሊያናዊው ማሪዮ ባቫ የ1960 ፊልም በአገሩ «የዲያብሎስ ጭንብል» ሲባል፣ በአሜሪካ «ጥቁር እሑድ» ተብሎ ታየ፤ በብሪታንያ ደግሞ የሳንሱር ቦርድ፣ ማለትም ፊልሞችን መርምሮ ፈቃድ የሚሰጠው አካል፣ ለዓመታት ከከለከለው በኋላ በ1968 ተቆርጦና «የቫምፓየር በቀል» ተሰኝቶ ቀረበ። ስለዚህ ተለዋጭ ርእሶችንና የተቆረጡ ቅጂዎችን የማይዘረዝር መመሪያ አንድን ሥራ ሦስት አድርጎ ሊያስቆጥር ይችላል።

በ1985 የወጣው በፊል ሃርዲ አዘጋጅነት የተጠናቀረው ኢንሳይክሎፒዲያ ፊልሞችን በዓመተ ምሕረት ቅደም ተከተል በመደርደሩ ከቀዳሚዎቹ ይልቃል፤ አንባቢው የጣሊያንን፣ የጃፓንንና የሜክሲኮን ሥራዎች ከሆሊዉድ ጎን ለጎን አግኝቶ፣ በ1968 «የሮዝሜሪ ሕፃን» እና «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» በአንድ ዓመት መውጣታቸውን በዓይኑ ያያል።