አላፊ የአንጎል ምት

እሁድ የሰንበቴ ገበያ ሲደምቅ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛል። በዚያ መሃል አንድ አባት ማሽላ እየሰፈሩ ሳለ ቁናው ከእጃቸው ወደቀ እንበል። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፤ ሊናገሩ ሲሞክሩ ምላሳቸው ተሳሰረ። የከበባቸው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ያደርጋል። አንዷ «ምች ነው አባባ» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ታሸታቸዋለች። ሌላው ውሃ ያጠጣቸዋል። አንድ ወጣት በስልኩ ያነበበው ትዝ ብሎት የጣቶቻቸውን ጫፍ በመርፌ ይወጋል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እጃቸው ይታዘዛል፣ አፋቸውም ይቃናል። አልሐምዱሊላህ ተብሎ በባጃጅ ወደ ቤታቸው ይሸኛሉ።

ሐኪሞች ይህን «ቲ.አይ.ኤ.» ይሉታል፤ ሲዘረዘር ትራንዚየንት ኢስኬሚክ አታክ ነው። በአማርኛ «አላፊ የአንጎል ምት» ብንለው ይስማማል። ሕዝቡ «ግፊት መታው»፣ «ምች መታው» ስለሚል ምት ለጆሮ እንግዳ አይደለም። «ሚኒ ስትሮክ» የሚለውን ግን አልወደውም፤ ትንሽ የተባለ ነገር ያዘናጋል።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ወደ አንጎል ደም የሚያደርስ ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ በረጋ ደም ይዘጋል። ደም ያጣው የአንጎል ክፍል የሚያዘው እጅ ወይም አንደበት ወዲያው ይሰንፋል። የረጋው ደም ሲሟሟ ዝውውሩ ይመለሳል፣ ምልክቱም ይጠፋል። ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል። ዝውውሩ ሳይመለስ ከቀረ ግን ያ ክፍል ይሞታል፤ ስትሮክ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ አላፊው ምት ዳማከሴ ቢጨመቅም ባይጨመቅም ያልፋል። መርፌው ስም ያተረፈው በዚህ ነው፦ ተወጋ፣ ዳነ፣ ወሬው ከመንደር መንደር ሄደ። ያልዳነውን ደግሞ «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን፤ መርፌውን የሚጠይቀው የለም።

የሚያልፈው ምልክቱ ነው፤ ደሙን ያረጋው ምክንያት እዚያው አለ። በካሊፎርኒያ ከ1,700 በላይ እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት፣ ከ10 ሰው አንዱ ገደማ በ90 ቀን ውስጥ በስትሮክ መመታቱን አሳይቷል። ከእነዚህ ግማሾቹ የተመቱት በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ነው። በእንግሊዝ ኦክስፎርድ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሕክምናው ወዲያው ሲጀመር አደጋው በ80 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። የእኚያ አባት ባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ መዞር የነበረበት ለዚህ ነው። «አሁን ደህና ነኝ» ቢሉም እንኳ።

ውሃው ከመርፌው ይከፋል። ስትሮክ ጉሮሮንም ያሰንፋል፤ የሚጠጣው ወደ ሳንባ ገብቶ ሊያንቅ ወይም የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። ዘምዘምም ይሁን ጸበል፣ ሻይም ይሁን ኪኒን፣ መዋጥ መቻሉ ሳይታይ በአፍ አይሰጥ። ዱዓውና ጸሎቱ መኪና ውስጥም ይደረጋል። አስፕሪን የሚያቀብል ጎረቤትም ልቡ ቅን ነው፤ ነገር ግን ስትሮክ ቧንቧ ተዘግቶ ብቻ ሳይሆን ፈንድቶም ይመጣል። በአገራችን ሆስፒታሎች ደግሞ የፈነዳው ድርሻ ከምዕራባውያኑ ከፍ ያለ ነው። በፈሰሰ ደም ላይ አስፕሪን መጨመር መድማቱን ያብሳል። ሁለቱን የሚለየው የሲቲ ስካን ምርመራ ነው፤ የማንም ዓይን አይለያቸውም።

ከሰው የሚጠበቀው ጥቂት ነው። ሕመምተኛው ፈገግ እንዲሉ ጠይቁ፤ ፊታቸው ይጣመማል? ሁለት እጃቸውን ያንሱ፤ አንዱ ይወርዳል? አንድ ዓረፍተ ነገር ይድገሙ፤ ይኮላተፋሉ? አንዱ እንኳ ካለ አምቡላንስ ይጠራ፤ የቀይ መስቀሉ 907 ነው። ከዘገየ በተገኘው መኪና ይሂዱ። ራሳቸውን ከሳቱ በጎን አስተኟቸው። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፤ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ባለበት ሆስፒታል የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነውና።

መከላከሉ የሚጀምረው ከደም ግፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው ብሔራዊ ዳሰሳ ከ6 ጎልማሳ አንዱ ገደማ ግፊቱ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል፤ አብዛኛው ሰው ግን ስለማያመው አያውቀውም። ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው በወጥ ውስጥ መልካም ናቸው፤ የታዘዘ ኪኒን ግን አይተኩም። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ትንሽ የሚያንስ መሆኑ ነው። ጫትም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል። ይህን በከሚሴና በሰንበቴ አካባቢ መናገር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግፊት ያለበት ሰው ግን ከሐኪሙ መስማት አለበት። ወጣቶችም አይዘናጉ፤ በልጅነት በጉሮሮ ሕመም የተጎዳ ልብ ደም ሊያረጋ፣ የረጋውም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል።

ረመዳን ሲመጣ ኪኒኑን ጨርሶ የሚተው አለ። ወሩ ከመግባቱ በፊት ሐኪም ከታየ ብዙዎቹ የግፊት መድኃኒቶች በሱሁርና በኢፍጣር ሰዓት እንዲወሰዱ ማስተካከል ይቻላል። መጾም የማይገባውንም ሐኪሙ ያኔውኑ ይነግረዋል።